ወንጭፍ ያስተማርነው የጭላዳ ወዳጅ

ይህ ነገር የደረሰው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ በዋግ ዝናቡ መሳሳት በጀመረበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይቻለሁ። ሰው ቀብሬአለሁ፣ በሬዎቼ አልቀውብኛል፣ ከአገር ተሰድጄ ተመልሻለሁ። ቢሆንም በዚያ ሳምንት ያየሁት ነገር ከውስጤ አልወጣ ብሎ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ለሰው ስናገር «ለዝንጀሮ ነው እንዲህ የምትሆነው?» ይሉኛል። ለዝንጀሮ ብቻ አይደለም። አንብቡትና ፍረዱ።

ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። የልጅ ልጄ «ላስተካክልልህ» ብላኝ ነበር። እንዳለ ይሂድ ብያታለሁ።

መንደራችን ደሃና ውስጥ፣ አምባ ላይ ነው። ከላይ ሜዳ፣ ዙሪያው ገደል። ገብስ የምንዘራው እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ነው። ከአፋፉ በታች ደግሞ የጭላዳ ቤት ነው። ጭላዳ ለማታውቁ፣ ደረቱ ላይ ቀይ ቆዳ ያለው፣ ወንዱ እንደ አንበሳ ጎፈር የሚያወርድ፣ ቁጭ ብሎ ሣር የሚነጭ ዝንጀሮ ነው። ማታ ገደሉ ላይ ይተኛል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይወጣል። የኛ ሥራ ከገብሱ ማራቅ ነበር። ተራ ገብተን አፋፉ ላይ እንቆማለን፣ እንጮኻለን፣ በወንጭፍ እናባርራለን።

መግደል ግን አንገድልም ነበር። የጭላዳን እጅ ከቅርብ ያየ ሰው መግደል ይከብደዋል። ጣቱ፣ ጥፍሩ፣ ልጁን አቅፎ ማጥባቱ ሁሉ የሰው ነው። በኛ መንደር ጭላዳ የገደለ ሰው ሠርግ ላይ ልፎክር ብሎ ከተነሣ ሴቶቹ «እጅ ያለውን ገዳይ!» እያሉ ያሳፍሩታል። የነብር ገዳይ ይከበራል፣ የጭላዳ ገዳይ ይሾፍበታል። እንዲህ ነበርን።

በጭላዳ በጣም የምትጎዳው ታላቅ እህቴ እትዬ ስንዱ ነበረች። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ የላትም። ማሳዋን የማርስላት እኔ ነኝ፤ አረሙንና ጥበቃውን ራሷ ትችለዋለች። ማሳው አፋፉ ጫፍ ላይ ነው፤ አጠገቡ ትንሽ ምንጭ ስላለች የሌላው ሲደርቅ የሷ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። በዚህ ምክንያት የጭላዳው ዓይን ከሷ ማሳ አይነቀልም። ጭላዳ ደግሞ ሴት አይፈራም። ሴቶቻችን ለጥበቃ ሲወጡ የባላቸውን ኮት ደርበው፣ ዱላ ይዘው ነው። እትዬ ስንዱም የሟች ባሏን ኮት ለብሳ ስትቆም ከሩቅ ያየ ወንድ ነው ይላል። ምላሷ ግን ከወንድም ይብስ ነበር።

ሰውየው የመጣው በመስከረም ነው። ስሙ ይልማ ነው። ወጣት ነው፣ የአዲስ አበባ ሰው፣ ዩኒቨርሲቲ የተማረ። ከሰቆጣ ነጋዴ በቅሎ ገዝቶ፣ ድንኳንና የሩቅ ማያ መነጽር ጭኖ መጣ። ጭቃ ሹማችን አያ ዋጋው ሕዝቡ በተሰበሰበበት ጠየቁት።

«ምን ሊሠሩ መጡ ጌታው?»

«ጭላዳ ላጠና ነው።»

«ጭላዳ ምን ጥናት አለው?»

«ምን እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚኖር። ከእናንተም ጋር ሳይጣላ የሚኖርበት መላ ካለ ለማየት ነው።»

«ይሄን ለማወቅማ ምን አደከመዎት? እኛ እንንገርዎ። የሚበላው የኛን ገብስ ነው። መላው ደግሞ ድንጋይ ነው!»

ሕዝቡ ሳቀ። ይልማም አብሮ ሳቀ። ያን ጊዜ ነው የወደድኩት። ሲሳቅበት የሚስቅ ሰው ደስ ይለኛል። ጭቃ ሹሙም መንገድ መሪ እንድሆነው ለኔ ሰጡት።

ሥራው መቀመጥ ነበር። ሌላ ምን ልበላችሁ? ከማሳዎቹ ራቅ ብሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ጓሳ የምንለው ሣር የበቀለበት ሜዳ አለ። አንዲት ካኪ ኮት ነበረችው፤ ጠዋት ጠዋት ያችኑ ለብሶ እዚያ ይሄዳል፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል። ጭላዳዎቹ ሲያዩት ይሸሻሉ። በማግሥቱም ይቀመጣል። ትንሽ ቀረብ ይላል፣ ይቀመጣል። እኔ ከጎኑ ሆኜ እንቅልፌን እታገላለሁ።

«ይሄ ሥራ ነው እንዴ አቶ ይልማ?» አልኩት አንድ ቀን።

«አያ ሞላ፣ ከኔ መሸሽ ካልተዉ ኑሯቸውን አላየውም። የማየው ሽሽታቸውን ብቻ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። በጋው ሲጋመስ መሸሽ ተዉ። ወሩ እየገፋ ሲሄድ ጭራሽ በመሀላቸው ይቀመጥ ጀመር። ግልገሎቹ የጫማውን ክር ይጎትታሉ። አንዲት አሮጊት ጭላዳ ነበረች፤ ከንፈሯ በአንድ በኩል የተቀደደ፣ ጡቷ የተንጠለጠለ። መንደሩ «ባልቴቷ» አላት። እሷ እየተንፏቀቀች አጠገቡ ትመጣና ጀርባዋን ሰጥታው ሣሯን ትነጫለች። ጭላዳ ለሚፈራው ነገር ጀርባውን አይሰጥም። ይልማ ይህን ሲያይ ፊቱ ይበራ ነበር። የሚጽፍበትን ደብተር ጉልበቱ ላይ ትቶ እሷን ብቻ የሚያይበት ቀን ነበር።

መንደሩ «የዝንጀሮ ነፍስ አባት» የሚል ስም አወጣለት። ገበያ ስንወርድ «ዛሬስ ስንቱን አናዘዝክ?» ይሉታል። «ሁሉም ገብስ መስረቃቸውን አምነዋል» ይላቸዋል።

እትዬ ስንዱ ግን አልወደደችውም። መጀመሪያ ቀን ቤቷ ይዤው ስሄድ በኽምጣኛ ከእግር እስከ ራሱ ሰደበችው። እሱ አማርኛ እንጂ ኽምጣኛ አይሰማም።

«ምን አሉ?» አለኝ።

«እንኳን ደህና መጣህ ነው የምትለው» አልኩት።

«ታዲያ ለምን ምራቃቸውን ተፉ?» አለኝ። እሷ ይህን ስትሰማ ሳቋ አምልጧት ጠላ ቀዳችለት። ከዚያ በኋላ ባይዋደዱም ተላመዱ። እሱ ለሷ ምንጊዜም «እትዬ፣ እርስዎ» ነው። እሷ ለሱ «አንተ የዝንጀሮ ዘመድ» ነው። ክረምት ሲመጣ ድንኳኑ እያፈሰሰ ሲያስቸግረው ታዛዋን ለቀቀችለት።

ይልማ ያሰበው እንዲህ ነበር። በጓሳው ሜዳ ሰው አይነካቸውም፤ በማሳው ዳር ግን እንደ ድሮው በወንጭፍ እናባርራለን። ቦታ ለይተው ያውቃሉ፣ እዚያ ሰላም እዚህ ድንጋይ መሆኑ ይገባቸዋል አለ። ደግሞ ገብቷቸውም ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ በሰላም ሄደ። በዓመቱ ግን ዝናቡ በነሐሴ ተቆረጠ። የጓሳው ሣር ገና በመስከረም ቢጫ ሆነ። የሰው ሁሉ ገብስ ዘለላ ሳያወጣ ጠወለገ። በደንብ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው የምንጯ ዳር ብቻ ነው። የእትዬ ስንዱ ማሳ።

አንድ ጠዋት ጩኸቷን ሰምቼ ሮጥኩ። ጭላዳዎቹ ገብሱ ውስጥ ተዘርተዋል። እሷ ኮቷን ለብሳ፣ ዱላዋን ይዛ ትጮኻለች፣ ድንጋይ ትወረውራለች። እነሱ ትንሽ ፈቀቅ ይሉና ተመልሰው ይቀመጣሉ። እኔም ደርሼ በወንጭፍ ለቀቅኩባቸው። ድንጋዩ አጠገባቸው ሲያርፍ ብድግ ይሉና ተመልሰው ቁጭ። ሰው ማለት የሚቀመጥ፣ የማይነካ ነገር ሆኖባቸዋል። ረሃቡ ሲጨመርበት ማሳውና ሜዳው አንድ ሆነባቸው።

«ጀርባቸውን ሰጡኝ!» አለች እህቴ። እያለቀሰች ነበር። «ሞላ፣ በገዛ ማሳዬ ላይ ጀርባቸውን ሰጡኝ!»

በእጅና በዱላ፣ እየገፋን ነው ወደ ገደሉ ያወረድናቸው። የማሳው እኩሌታ አልቆ ነበር። የዓመት እንጀራዋ ነው። የሷ ብቻም አይደለም፤ በዚያ ዓመት ከዚያ ማሳ ዘር ተበድሮ ለመዝራት ያላሰበ ጎረቤት አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። አያ ካሳው የሚባል ምንሽር ያለው ሰው ነበር። እሱ ተነሥቶ «ጠዋት ከገደሉ ሲወጡ አፋፉ ላይ ሆነን እንጠብቃቸዋለን። ጠመንጃ ያለው ሁሉ ይምጣ። አንድ ጠዋት ይበቃል» አለ። ማንም «እጅ ያለውን» ብሎ አላሾፈም። ሰው ሲጨንቀው ቀልድ የለውም። ጭቃ ሹሙ ወደ እህቴ ዞረው «ስንዱ፣ ምን ትያለሽ?» አሏት። «ይጨረሱ» አለች።

ይልማ ተነሣ።

«ጥፋቱ የነሱ አይደለም» አለ። «ከሰው እንዳይሸሹ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ። ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ፣ እኔው ልመልሳቸው። ጊዜ ስጡኝ።»

«ምን ልታደርግ?» አሉት ጭቃ ሹሙ።

«እንዲፈሩን ላደርግ።»

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ፍርዱ እንዲህ ሆነ። እስከ መጪው እሑድ ጠዋት ይሰጠው። በዚያ ጠዋት እትዬ ስንዱ ብቻዋን፣ ያለ ኮት፣ በቀሚሷ ዱላ ይዛ ወደ ጭላዳዎቹ ትሂድ። ከሴት ከሸሹ ከማንም ይሸሻሉ፤ ይተዉ። ካልሸሹ ጠመንጃው እዚያው ይጠብቃል።

«ዋስ ጥራ!» አሉት።

ይልማ ዙሪያውን አየ። በአገራችን ዋስ የሌለው ቃል ቃል አይደለም። እሱ ደግሞ ዘመድ የለው፣ አገሩ አይደል። እኔ ተነሣሁ።

«እኔ ነኝ ዋሱ።»

አያ ካሳው ሳቀ። «እንግዲያው ዋሱ ይስማ። ካልሸሹ የመጀመሪያውን ጥይት የምትተኩሰው አንተ ነህ። በኔ ጠመንጃ። ስሙን አንተ ትሸከማለህ።»

«እሸከማለሁ» አልኩ። ግትር ሰው ነኝ፤ ከተናገርኩ ተናገርኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ይልማ እህቴ ደጅ ቆሞ አገኘሁት። «እትዬ፣ ወንጭፍ ያስተምሩኝ» ይላታል። እሷም ከጣራዋ ሥር የራሷን ወንጭፍ መዘዘች። ከአያታችን ጀምሮ እንዲህ ያለ ወንጭፍ ወርዋሪ በመንደሩ አልነበረም።

«አውራ ጣትህን እንዲህ አግባ። አይደለም! እንደ ሴት ልጅ ጉንጉን አትያዘው። አዙር፣ አዙር፣ ልቀቅ!»

የመጀመሪያው ድንጋይ ወደ ኋላ ሄዶ የራሷን እንስራ ሰበረ። ሁለታችንም ተሳቀቅን። እሷ ግን «ይሄ ልጅ ጭላዳውን ሳይሆን እኔን ነው የሚጨርሰኝ!» ብላ ወገቧን ይዛ ሳቀች። ከመከራው ሁሉ በኋላ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። እስኪመሽ አሰለጠነችው። ሲመሽ ድንጋዩ ያለመው ቦታ ይደርስ ጀመር።

እኔ «እኔ ላባርር፣ አንተ ቆመህ እይ» ብዬው ነበር። እምቢ አለ።

«አንተ አባርረህ እኔ ስቀመጥ ካዩ ልፋቱ ከንቱ ነው። ከኔ ካልሸሹ ከሰው አልሸሹም። እኔው ነኝ የማደርገው» አለ።

ያችን ካኪ ኮቱን ለብሶ ጓሳው ሜዳ ሄደ። እኔና እህቴ ተከተልነው። ጭላዳዎቹ ሲያዩት እንደ ልማዳቸው ወደ እሱ ተንፏቀቁ። የመጀመሪያውን ድንጋይ ሲወረውር ግልገሎቹ ጨዋታ መስሏቸው ድንጋዩን ሊይዙ ሮጡ። አንዱ ድንጋዩን አንሥቶ አሸተተው። ይልማ ወንጭፉን አውርዶ ፊቱን አዞረ።

«ወርውር» አለችው እህቴ። ክፋት አልነበረባትም ድምፅዋ። «ካልወረወርክ እሑድ ጥይት ነው።»

ወረወረ። በዚያ ቀን ትልልቆቹ ወንዶች ገባቸው፤ ቅንድባቸውን እያነሡ፣ ጥርሳቸውን እያሳዩ ሸሹ። በማግሥቱ ሴቶቹ ልጆቻቸውን አዝለው ሸሹ። ከቀን ቀን ይሻሻል ነበር። እሱ እየጮኸ፣ እየሮጠ፣ እየወደቀ፣ እየተነሣ ያባርራቸዋል። ድምፁ ዘጋ። ማታ ማታ ታዛው ውስጥ ቆሎ ስናቀርብለት አይነካም።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። ባልቴቷ።

ባልቴቷ አልሸሽ አለች። ሌሎቹ ሲሮጡ እሷ ባለችበት ቁጭ ትላለች። ድንጋዩ ግራና ቀኝ ሲያርፍ አንገቷን ቀና አድርጋ ታየዋለች፣ ተመልሳ ሣሯን ትነጫለች። ሌሎቹ ገደሉ አፋፍ ደርሰው ዞር ይላሉ፤ እሷ መቀመጧን ሲያዩ ደግሞ አንድ አንድ እያሉ ይመለሳሉ። የመንጋው ሁሉ ዓይን እሷ ላይ ነው። ሆን ብሎ በጎን በጎኗ ይወረውር እንደነበር እኔም እህቴም አውቀናል።

ቅዳሜ ጠዋት ደረሰ። ሌላ ቀን የለም። እንደገና ሁሉም ሸሹ፣ እሷ ቀረች፣ እነሱም መመለስ ጀመሩ።

«አያ ሞላ» አለኝ ይልማ፣ «እሷ ካልሄደች ነገ ሁሉም ይሞታሉ አይደል?»

«አዎ» አልኩት።

ድንጋይ መረጠ። ትልቅ አይደለም፣ ድቡልቡል ነበር። አዙሮ ለቀቀው። ሣር የምትነጭበትን እጇን መታት።

አልጮኸችም። እጇን በሌላው እጇ ያዘችና አቀፈችው፤ ሰው ጣቱን በር ሲቆርጠው እንደሚያደርገው። ከዚያ ዞራ አየችው። የላይ ከንፈሯን ገልብጣ ድዷን አሳየች። ይህ በነሱ ዘንድ «አትቆጣኝ» ማለት ነው። ቀጥላ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ተነሥታ በሦስት እግሯ እያነከሰች ወደ እሱ መጣች። ከንፈሯን ጧ፣ ጧ እያደረገች። እርስ በርስ ተጣልተው ሲታረቁ የሚያሰሙት ድምፅ ነው። ቆጣ ያለባት መስሏት ልትታረቀው ነው የመጣችው።

ይልማ ድንጋዩ በወንጭፉ ውስጥ እንዳለ ቆመ። ዕንባው በጢሙ ላይ ይወርዳል። እሷ ጫማው ዘንድ ልትደርስ ትንሽ ቀራት።

እህቴ፣ ያቺ «ይጨረሱ» ያለች እህቴ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ጎስጉሳ «ተው ልጄ! በቃህ! ገብሱም ይቅር!» አለች።

«አይቀርም እትዬ» አላት። ዞር ብሎ እንኳ አላያትም። «ገብሱም አይቀር፣ እሷም አትሞት።»

ወረወረ። በዚያ ቅርበት መሳት አይቻልም። ትከሻዋን ነው ያገኛት። አሁን ጮኸች። እንደዚያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም። ዞራ ሄደች፤ አልሮጠችም፣ መሮጥ አልቻለችም። እሱ ከኋላዋ እየተከተለ «ሂጂ! ሂጂ! ሂጂ!» እያለ በዘጋ ድምፁ ይጮህባታል። አፋፉ ዘንድ ደርሳ ወረደች። የቀረው መንጋ ሁሉ እሷን ተከትሎ እንደ ውኃ ገደሉን ወረደ። በዚያ ቀን አንድም ተመልሶ አልወጣም።

እሑድ ጠዋት መንደሩ ሁሉ ተሰበሰበ። አያ ካሳው ምንሽሩን አጉርሶ ሰጠኝ። ከባድ ነበር። ፀሐይ ስትሞቅ ጭላዳዎቹ ፈራ ተባ እያሉ ወደ ሜዳው ወጡ። እትዬ ስንዱ በቀሚሷ፣ ራሷን በሻሽ አስራ፣ ዱላዋን ይዛ ብቻዋን ተነሣች። ዱላውን ገና አላነሣችም። ገና መንገዱን ጀመረች እንጂ ምንም አላለችም። አንዱ ወንድ ጭላዳ አያት፤ ጮኸ። ሜዳው በአንድ ጊዜ ባዶ ሆነ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ጭቃ ሹሙ «ዋሱ ነፃ ነው!» አሉ። አያ ካሳው ጠመንጃውን ከእጄ ተቀብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። እሱም ቢሆን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎት ነበር። መተኮስ የፈለገ ሰው አልነበረም።

ይልማ ከሕዝቡ ጋር አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጀርባ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ሸሹ» አልኩት።

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እሷስ?»

«አላየኋትም።»

ተነሣ። «እጇን አይቼ ልሂድ» አለ። «ተሰብሮ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።» አብሬው ሄድኩ። ወንጭፉን ትቶ፣ ኮቱን አውልቆ፣ በደረታችን እየተሳብን አፋፉ ደረስን። ራሱን ብቻ ብቅ አድርጎ ወደ ታች አየ። እኔም አየሁ። ባልቴቷ ከገደሉ አንዲት እርከን ላይ ተቀምጣ ነበር፣ የታመመ እጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ። አንዲት ወጣት ሴት ፀጉሯን እየገለጠች ትፈልይላታለች። እጇን ዘርግታ ሣር ስትነጭ አየናት። አልተሰበረም።

ያን ጊዜ ቀና አለች። አየችው።

ጭላዳ ለሰው የሚጮኸው ጩኸት አለው፣ ለውሻ የሚጮኸው አለው። ለነብር የሚጮኸው ደግሞ ሌላ ነው፤ በአካባቢያችን ያደገ ሰው ሁሉ ይለየዋል፣ ስንሰማው ከብታችንን የምንሰበስብበት ነው። ባልቴቷ የነብሩን ጮኸች። ገደሉ ሁሉ ተቀበላት። ግልገሎቹ ከእናታቸው ሆድ ሥር ገቡ።

«ሰማህ አያ ሞላ?» አለኝ።

«ሰማሁ።»

«ጥሩ ነው» አለ። «እንግዲህ አይሞቱም።» እዚያው ፊቱን ሣሩ ላይ ደፍቶ ለረጅም ጊዜ ቀረ። እኔ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ በቅሎውን ጭኖ ሄደ። እትዬ ስንዱ ከተረፈው እሸት ጠብሳ፣ በሶም አስራ ሰጠችው። ግንባሩን ሳመችው። «ምነው ትንሽ ብትቀመጥ?» አለችው። «ከንግዲህ ምን አያለሁ እትዬ፣ ሽሽታቸውን?» አላት። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ሌላ ሥራ ያዘ የሚል ወሬ ከሰቆጣ ሰማሁ፣ እውነት ይሁን ሐሰት አላውቅም።

ቀጥሎ የመጣውን ዘመን የኛ አገር ሰው ያውቀዋል። ዝናቡ ጭራሽ ቀረ። እትዬ ስንዱ ከቀረላት ገብስ ግማሹን ለዘር ለጎረቤት አካፍላ ነበር፤ ዘሩም አልበቀለም። ወደ ሰቆጣ ስንወርድ መንገድ ላይ ሞተችብኝ። በእጄ ቀበርኳት። ስመለስ መንደሩ እኩሌታው ፈርሷል። ጭላዳዎቹ ግን ሥር እየቆፈሩ ከስተው፣ ፀጉራቸው ረግፎ አሉ። አይተውኝ ሸሹ።

አሁንም አሉ። ልጅ የልጅ ልጅ ሆነዋል፣ ባልቴቷን ያየ አንድም የለም። ከሰው ግን ይሸሻሉ፤ እናት ለልጇ ታስተምራለች። ገብሱም ይታጨዳል፣ እነሱም ይኖራሉ። ሰው ሁሉ መልካም ሆነ ይላል። እኔም መልካም አልሆነም አልልም። ዋስ በመሆኔም አንድ ቀን አልተጸጸትኩም።

ባለፈው ዓመት ግን ምርኩዜን ይዤ ጓሳው ሜዳ ሄጄ ነበር። ደከመኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ለረጅም ጊዜ ሳልንቀሳቀስ ቆየሁ መሰለኝ። ቀና ስል አንድ ግልገል ከመንጋው ተለይቶ ወደ እኔ ይመጣል። ዓይኑን ፍጥጥ አድርጎ፣ ቆም እያለ፣ ደግሞ ቀረብ እያለ። እናቱ ከሩቅ ትጠራዋለች፣ አይሰማትም። ምርኩዜን ሊነካ እጁን ዘረጋ። አምላኬ ምስክሬ ነው፣ ሌላ ምንም አልፈለግኩም፣ እንዲነካው ብቻ ነው የፈለግኩት።

ከእግሬ ሥር ድንጋይ አነሣሁ። አጠገቡ ወረወርኩና በቀረኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩበት። ሮጠ። ገደሉን ሲወርድ እስከማላየው ድረስ አየሁት፣ ከዚያ ወደ ቤቴ ሄድኩ።